በገጽ አርባ አንድ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር

ኮፐንሃገን፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1861

ለተከበሩ ለሽማግሌ ኤስኪል ብሮጎር፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሐሙስ ዕለት ደርሶኛል። የላኩት ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ፣ ከበረኛው በቀር ያየው ሰው የለም። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሲሰል አላየችውም፤ መድረሱንም አልነገርኳትም። በሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ውስጥ የልጅዎን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ስላላነሡ፣ እንዲነገራት አይፈልጉም ብዬ ገመትኩ።

ከተለያየን አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። «እርስዎ» ብለው ጽፈውልኛል። የልጅዎ ባል ነኝ፤ በሽመና ቤትዎ ሁለት ክረምት ከእርስዎ ጋር ከአንድ ሳህን በልቻለሁ። ነገር ግን ሕፃናትን ከማያጠምቀው ማኅበራችን የተለየ ሰው እንግዳ ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና አልተቀየምኩም።

ጉዳዩን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ልድገመው። ሊቀ ካህናት ሐሲንግ በዬሪንግ ጋዜጣ ላይ ጽፏል። በሕፃናት ጥምቀት ላይ በጻፏት ትንሽ መጽሐፍ፣ በገጽ አርባ አንድ፣ ከጥንት የቤተ ክርስቲያን አባቶች አንዱ የሆነው የካርታጎው መምህር ተናግሮታል ብለው የጠቀሱት ቃል በመምህሩ ሥራዎች ውስጥ የትም የለም ብሏል። እውነት ከሆነ ኤፕሪል 9 ቀን በእንግዳ ማረፊያው አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ መጽሐፉንና ገጹን ያሳዩ ብሎ ጠርቶዎታል። እርስዎ ላቲን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ፤ የአሮጌዎቹ መጻሕፍት ቁልፍም እኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ እንድፈልግልዎ ይጠይቃሉ።

ቃሉን ገልብጠው መላክ አያስፈልግዎትም ነበር። በቃሌ አውቀዋለሁ። «ልጇን ገና ሳያምን የምታስጠምቅ እናት ለውኃ ሰጠችው እንጂ ለእግዚአብሔር አልሰጠችውም።» ልጃችንን ማልተን በቀበርን በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ በጎተራው ውስጥ በሁሉም ፊት ሲያነቡት ሲሰል ቆማ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ወተቷ ገና ስላልደረቀ ቀሚሷ ፊት ለፊት ረጥቦ፣ ያንን ለመሸፈን ክንዶቿን አጣምራ ነው የሰማችዎት። አንዳንዶች ትዕቢት መስሏቸው ነበር አሉ።

መፈለግ ሥራዬ ነው፤ እፈልግልዎታለሁ። ነገር ግን አንድ ጥቅስ የሚፈልግ ሰው ጥቅሱ የት፣ መቼ፣ በማን ላይ እንደ ዋለ ማወቅ አለበት። ስለዚያ እሑድ የሚያስታውሱትን ሁሉ ጽፈው ይላኩልኝ። ሳያሳጥሩ። እስኪደርሰኝ ድረስ አንድም መጽሐፍ አልከፍትም።

አክባሪዎ
ቫልደማር ሊንግ


ቬንድሲሰል፣ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1861

ቫልደማር ሆይ፣

የጌታ ሰላም ለአንተ ይሁን። ይህ ሰላምታ ከማኅበር ለተለየ ሰው እንደማይጻፍ አውቃለሁ። እጄ ለምዶ ጻፈው፤ አልሰርዘውም። «አንተ» እልሃለሁ። ቀድሞም «እርስዎ» ያልኩህ ከኩራት አይደለም፤ እንዴት እንደምጠራህ ግራ ገብቶኝ ነው።

ፊደሎቼ ስለ ገዘፉ ይቅርታ። አርባ ዓመት ተልባ ስሸምን የደከመ ዓይን ነው፤ አሁን ክሩን የማየው በጣቴ ነው።

ጻፍ ብለኸኛልና እጽፋለሁ።

ያን ጊዜ ሕጉ ምን እንደነበረ አንተም ታውቃለህ። ልጁን አላስጠምቅም ያለ ሰው ቤት ፖሊስና ቄስ አብረው ይመጡ ነበር። ወንድማችን ኬል ቤት ሲመጡ እናቲቱን ወንበር ላይ አስቀምጠው ትከሻዋን ያዙና መንትዮቹን ከወጥ ቤቱ ባልዲ አጠመቋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰባት እናቶች ልጆቻቸውን ሸሸጉ። ከእነርሱ አንዷ ዶርተ የጀልባ ማቆያ ውስጥ ወለደች። ልጇ እዚያው ታመመ፤ ሳል ነበር። ሊሞት ሲል «ቄሱን ልጥራ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ከገጽ አርባ አንድ አነበብኩላት። አልጠራችም። ልጁ ሞተ። ሐሲንግ ያን ጊዜ ተራ የደብር ቄስ ነበር፤ ደወል ከለከለው። ያለ ደወል፣ ያለ መዝሙር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰሜን ግንብ ጀርባ ነው የተቀበረው። ዶርተ አላለቀሰችም። እኔም በምእመናን ፊት አመሰገንኳት።

ከዚያ በአሥራ አንደኛው ሳምንት ማልተ በትኩሳት ተያዘ። ልጄ ማንም ሳያስገድዳት በሩን ከፍታ ቄሱን በራሷ አፍ ጠርታ አስጠመቀችው። አንተ ኦልቦርግ ነበርክ። በማግስቱ ሕፃኑ ሞተ፤ ደወል ተደወለለት። ደወሉን ዶርተ ቤቷ ሆና ሰማች።

እሑድ ዕለት ዶርተ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለልጄ ብራራላት ዶርተን ምን ልላት ነበር? ይህን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ሲሰልን አቆምኳት፤ አነበብኩ። ስጨርስ «የምትዪው አለ?» አልኳት። «አባዬ፣ ይህ ሰውዬ ልጅ ነበረው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። አንተ የተማርክ ነህና ታውቅ እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁህ። ከምድጃው ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠህ ባርኔጣህን በእጅህ ታዞር ነበር።

ከማኅበር እንድትለይ እጅ አስነሣሁ። ሁሉም አነሡ። እኔም አነሣሁ። ማክሰኞ ጋሪ ላይ ስትሳፈሩ በሽመና ቤቱ መስኮት አየኋችሁ፤ አልወጣሁም።

የማስታውሰው ይህ ነው። አሁን መጽሐፉን ክፈትልኝ። ሌላም ልጠይቅህ፤ ልጄ ደኅና ናት? ሌላ ልጅ ወለደች?

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ማርች 8 ቀን 1861

ለተከበሩ አማቴ፣

ሳያሳጥሩ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጎደለ የምለው የቀሚሷን ነገር ነው፤ እሱን በፊት ስለ ጻፍኩልዎ ደግመው ማንሣት አላስፈለግዎትም ይሆናል።

ከካርታጎው መምህር ሥራዎች ቤተ መጻሕፍታችን አራት እትሞች አሉት። ሦስቱን ቅጠል በቅጠል አይቻለሁ። የለችም። ተስፋ ግን አይቁረጡ። አራተኛው በባዝል የታተመ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ሌሎቹ የሌሏቸው ነገሮች አሉት። ትናንት ስለ እናቶች የሚናገር አንድ አንቀጽ ላይ ደርሼ ልቤ መታ፤ ሳነበው ስለ ጡት ማስጣል ሆኖ ተገኘ። እቀጥላለሁ። ሰዓት እንደሚያጥርዎ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ መቸኮል ለስሕተት ይዳርጋል።

ስለ ሲሰል ይጠይቃሉ። በሕይወት አለች። ለአንድ ሱቅ የሴቶች ቆብ ትሰፋለች፤ ስፌቷን ይወዱላታል። ሌላ ልጅ የለንም። በመጀመሪያው ዓመት አንሥቼባት ነበር። «ወልጄ ለማን ልሰጠው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላነሣሁም። ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ እዚህ ያሉት ወንድሞች ስብሰባም አትሄድም። ከቤተ ክርስቲያኑ ያስወጣት የልጃችን ሞት ነው፣ ከወንድሞቹ እርስዎ።

ዓረፍተ ነገሯን ግን አልተወቻትም። አልጋ ስታነጥፍ፣ ድንች ስትልጥ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። አንዳንዴ መጨረሻዋን ልትቀይራት ትሞክራለች፤ አይሆንላትም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። አንድ ቀን የካርታጎው መምህር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል አልኳት። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አየችኝና፦ «ከሱ አንተ ትበልጣለህ?» አለችኝ።

እንግዲህ ገጽ አርባ አንድ ቤቴ ውስጥ የሚኖረው እንዲህ ሆኖ ነው። እንዲያውቁት ያህል ነው።

አክባሪዎ
ቫልደማር


ቬንድሲሰል፣ ማርች 17 ቀን 1861

ቫልደማር፣

ስለ ልጄ የጻፍከውን አነበብኩ። ስለዚያ ምንም አልጽፍም።

ባለፈው ሳምንት የላክሃት አጭር ማስታወሻም ደርሳኛለች። «ሳልቀርብ አልቀረሁም» ትላለች። ቫልደማር፣ ይህ ምን ማለት ነው? ተገኝታለች ወይስ አልተገኘችም? አዳራሹ ተይዟል። ከኦልቦርግ እንኳ የሚመጡ አሉ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ቃሉን ያመጣህልኝ አንተ ነህ። በጃንዋሪ፣ መጽሐፏን በምጽፍበት ዓመት፣ በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ ሰጠኸኝ። ወረቀቷ አለችኝ፤ ሰሞኑን ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አወጣኋት። የእጅ ጽሑፍህ ነው። የተጻፈው በዴንማርክኛ ብቻ ነው። ያን ጊዜ «ላቲኑስ?» ብዬህ ነበር፤ «ኦልቦርግ ካለ መጽሐፍ ነው፣ ሌላ ቀን እገለብጠዋለሁ» አልከኝ። ሌላ ቀን አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩም፤ በጣም ወድጃት ነበር።

እየከሰስኩህ አይደለም። ከሌለች ግን ንገረኝ። ቆሜ ተሳስቻለሁ እላለሁ። ሐሲንግ ሊስቅብኝ ይችላል፤ እሱን እችላለሁ። የማልችለው ዶርተ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ነው። አስቀድሜ ቤቷ ሄጄ ልነግራት እፈልጋለሁ። ስለዚህ እለምንሃለሁ፤ አለች ወይም የለችም በለኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ማርች 26 ቀን 1861

አባቴ ሆይ፣

እንደ ድሮው አባቴ ልበልዎት። ስላስጨነቅሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አለች።

በባዝሉ መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ክፍል፣ ቅጠል 212፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ ነች። ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ላቲኑን ገልብጬ አልላክሁልዎትም፤ እርስዎ ሊያነቡት አይችሉም፤ ሐሲንግ ደግሞ ከእጅዎ በወጣ ወረቀት ላይ ያለ ላቲን አያምንም። ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። ክፍሉንና ቅጠሉን አሁኑኑ በጋዜጣ ያውጡ፤ መጽሐፉን ሐሲንግ ራሱ ይዞ ይምጣ ይበሉ። የኦልቦርጉ ትምህርት ቤት አንድ ቅጂ እንዳለው አውቃለሁ። በሕዝብ ፊት በራሱ አፍ ሲያነበው፣ ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል?

ዶርተ ቤት መሄድ አያስፈልግዎትም። ፊት ለፊት ያስቀምጧት፤ እንድትሰማ።

ቅጠሉን ሲጠሩ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ።

ልጅዎ ቫልደማር


ቬንድሲሰል፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1861

ቫልደማር፣

የሆነውን ልንገርህ። ከጋዜጣ ከማንበብህ በፊት ከእኔ ይድረስህ።

ያልከኝን ሁሉ አደረግኩ። በጋዜጣ አወጣሁ፤ ዶርተን ፊት አስቀመጥኳት። አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ሐሲንግ መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ፣ ረጋ ብሎ «ጌታ ብሮጎር፣ ቅጠሉን ይድገሙልኝ» አለ። ሦስተኛ ክፍል፣ ቅጠል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛ ዓምድ አልኩ። ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የእኛ ሰዎች «አሜን» አሉ።

ከፈተ። መጀመሪያ በላቲን አነበበ፣ ቀስ ብሎ። ምእመናን ጥቅሱ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አንገታቸውን ዝቅ ያደረጉም ነበሩ። ከዚያ «አሁን በራሳችን ቋንቋ» አለና ቀጠለ። «በዚህ መጽሐፍ ኅትመት ላይ የተገኙ ስሕተቶች ዝርዝር። በገጽ አሥራ ሰባት ‹ነው› የሚለው ‹አይደለም› ተብሎ ይነበብ። በገጽ ሠላሳ...» አሥራ አንድ መሥመር አነበበ። አንድም አላስቀረም። ሲጨርስ መጽሐፉን ወደ እኔ አዞረና፦ «ከእነዚህ ስሕተቶች የእርስዎ የትኛው ነው?» አለኝ።

እንዴት እንደ ተሳቀ አልጽፍልህም። የቢራ ኩባያውን በጠረጴዛ የሚደበድብ ነበር። ከሳቁት ውስጥ የእኛም ሰዎች ነበሩበት፤ ምናልባት ከድንጋጤ ነው።

ሳቁ ሳያልቅ ዶርተ ተነሣች። ቀስ እያሉ ዝም አሉ። «ኤስኪል፣ የሰውዬው ቃል አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው ደወል ሊደወልለት ይችል ነበር» አለች። አልጠየቀችኝም፤ ለራሷ ነው ያለችው። ከዚያ ሰዉን ከፍላ ወጣች። ደወሉን የከለከለው ሐሲንግ አጠገቤ ነበር፤ መጽሐፉን በጨርቁ መልሶ መጠቅለል ጀመረ። አራቱን ጫፎች በጣም አስተካክሎ አጠፋቸው።

ትናንት ቤቷ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም።

ቫልደማር፣ ሰው ቅጠል ቢሳሳት የስሕተት ዝርዝር ላይ አያርፍም። ይህን መርጠህ ነው የላክኸኝ። ለምን እንደሆነ ግማሹን አውቃለሁ። ሌላውን ግማሽ ንገረኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ማነው?

ኤስኪል


ኮፐንሃገን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1861

ለኤስኪል ብሮጎር፣

እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ይወቁ። ሲሰልን ስጠይቅዎት «ሥራ የሌለው፣ ትምህርቱን ያቋረጠ የደብር ጸሐፊ ልጅ ነህ» ብለው የመለሱኝን ቀን ያስታውሳሉ? ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ በሽመና ቤቱ ውስጥ መጽሐፍዎን እየጻፉ ሳለ ቀና ብለው፦ «ከጥንት አባቶች ስለ እናቶች የተናገረ አንድም የለም?» አሉኝ። አለ አልኩ። ወደ ውጭ ወጥቼ የክር ማጠንጠኛው ላይ ተቀምጬ ጻፍኳት። ከአፍታ በላይ አልወሰደብኝም። ሲያነቧት ዓይንዎ እንባ አቀረረ። በማግስቱ ሲሰልን ሰጡኝ። ማኅበሩ እንደ እኔ ያለ የተማረ ሰው ያስፈልገዋል አሉ።

ልጅዎን ያገባሁት በዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

የተናገረው መምህር ልጅ ነበረው ወይ ብላ ስትጠይቅ ወደ እኔ ዞረዋል። አዎ፣ ባርኔጣዬን አዞር ነበር። አንድ ጊዜ ተነሥቼ «የእኔ ቃል ነው» ብል ያበቃ ነበር። እኔን ታስወጡኝ ነበር፤ እሷ ነፃ ትወጣ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አትኖርም። ይህን አስልቻለሁ፤ እርስዎ እጅ እስኪያስነሡ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ያሰላሁት። ስለዚህ ዝም አልኩ። ከጎተራው ስንወጣ ከእኔ በቀር ማንም አልነበራትም። እንዲያ ነበር የፈለግኩት፤ እንዲያ ሆነልኝ።

ታዲያ ዛሬ ለምን ወደ ስሕተቱ ዝርዝር ላክኸኝ ቢሉ፣ እሷ እንደ ቆመች እንዲቆሙ ነው። በፌብሩዋሪ ደብዳቤዎ ሲመጣ ስሟ አልነበረበትም፤ የነበረው ገጽ አርባ አንድ ነው። ያን ጊዜ ወሰንኩ። የዶርተ ነገር ግን አልታሰበኝም ነበር። ፊት ያስቀምጧት ያልኩት ለእርስዎ እንዲከፋ ብዬ ነው፤ ለእሷ ምን እንደሚሆንባት አላሰብኩም። ይህን አስተባብዬ አልጽፍም።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እኔና እርስዎ እንደምንጻጻፍ ሲሰል አታውቅም። ዓረፍተ ነገሯ የእኔ እንደሆነችም አታውቅም። አይንገሯት። ከእሷ ሌላ ምንም የለኝም። ለማኅበሩ የፈለጉትን ይበሉ፤ ስሜን በጋዜጣ ያውጡ፤ ሥራዬን ባጣ ግድ የለኝም። ለእሷ ግን አይጻፉ። እንዳይጠሉኝ አልጠይቅም። እንዳይጽፉ ብቻ ነው።

ቫልደማር


ቬንድሲሰል፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1861

ለጌታ ቫልደማር ሊንግ፣

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደርሶኛል።

ዛሬ እሑድ ነው። ጠዋት በስብሰባው ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። በገጽ አርባ አንድ ያለው ቃል የሰው ፈጠራ ነው፤ እኔ ሳልመረምር ተቀበልኩት፤ በእሱ ሰባት እናቶችን አስገደድኩ፤ ልጄን አስወጣሁ አልኩ። የጻፈው ማን እንደሆነም ተናገርኩ። ከዚያ በእኔ ላይ እጅ እንዲነሣ ጠየቅኩ። ማንም አላነሣም። የሚያዝኑልኝ መሰለኝ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። በኋላ ዶርተ ከበሩ አጠገብ እጇን አነሣች። እሷን አይተው ሌሎቹም አነሡ። እንግዲህ እኔም እንደ እርስዎ እንግዳ ነኝ። ጎተራው የእኔ ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ሌላ ቦታ ይሰበሰባሉ።

ለሲሰል አይጻፉ ብለዋል። ጽፌያለሁ። ሐሙስ ዕለት የዶርተ ወንድም ከኦልቦርግ በመርከብ ይነሣ ስለነበር በእሱ እጅ ልኬያለሁ። ለባልዋ እንዳይሰጥ፣ ለእሷ በእጇ እንዲሰጥ አስጠንቅቄዋለሁ። ይህን ሲያነቡ እሷ አንብባለች።

ልጄ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልጇን ለውኃ ሰጠሁ እያለች ድንች ስትልጥ፣ እውነቱን በኪሴ ይዤ አንድ ቀን ማደር አልችልም። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። እርስዎ ሳይዋሹ ስለ ጻፉልኝ እኔም አልዋሽም፤ ሌላም አለኝ። ለእሷ ብቻ ብዬ ቢሆን ኖሮ ለስለስ አድርጌ በራሴ ቃል እጽፍላት ነበር። የላክሁላት ግን የእርስዎኑ ደብዳቤ ነው። የኤፕሪል 19ኙን፣ በእጅዎ የተጻፈውን። «አስልቻለሁ» የሚለውንም ጭምር። በሌላ ወረቀት ላይ «ይቅር በዪኝ» ብዬ ሦስት መሥመር አክያለሁ፤ ከዚያ በላይ ዓይኔ አልቻለም።

ከእንግዲህ እንዳይጽፉልኝ። ይልቅስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

ኤስኪል ብሮጎር


ኮፐንሃገን፣ ሜይ 13 ቀን 1861

ለኤስኪል ብሮጎር፣

ምን አለች ብለው ጠይቀዋል።

ሰውዬው የመጣው ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነው። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስገባ ወጥ ቤት ቆማ አገኘኋት። ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ የእርስዎ ከላይ፣ የእኔ ከሥር። ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ። የገብስ ገንፎ ሠርታ ነበር፤ ለሁለታችን አወጣች። ተቀመጥን። እኔ አልበላሁም፤ እሷ በላች።

ጨርሳ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «በላቲን እንዴት ነው የሚለው?» አለችኝ። ላቲን የለውም አልኳት። «እሺ እንደ ጻፍከው በለው» አለች። እባክሽ አልኩ። «አንድ ጊዜ ብቻ። ካንተ አፍ ሰምቼው አላውቅም» አለች። ስለዚህ አልኩት። ድምፄ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ በየቀኑ ከዚህ አሳምሬ እለው ነበር» አለች።

ላስረዳት ሞከርኩ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ወድጄሽ ነበር፣ እንዳላጣሽ ፈርቼ ነበር አልኩ። አታቋርጠኝም ነበር፤ ትሰማኝ ነበር፣ ቆብ ሊለካ እንደ መጣ ደንበኛ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ማልተን በቀበርን ሌሊት አጠገቤ ተኝተህ ነበር። ከሰባት ቀን በኋላም። ከአሥር ዓመት በኋላም። አንድ ቀን እንኳ አፍህ ላይ አልመጣም?» መጥቶ ነበር አልኳት። እውነቴን ነው፤ ብዙ ጊዜ መጥቶ ነበር። የዚህን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። ፈጽሞ ባይታወሰኝ ኖሮ የሚሻላት ይመስለኛል።

በማግስቱ ለሱቁ የምትሰፋውን ጨርሳ አስረከበች። ዓርብ ዕቃዋን አሰረች። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጥቅልና የስፌት ሣጥኗ። ወዴት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። ወደ እርስዎ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ እንዲያ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፣ ቢያንስ የት እንዳለች አውቃለሁ። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ስለዚህ መንገድ መንገድ አይመልከቱ። እስከ ዛሬ ሌላ ወሬ የለኝም። ሱቁን ጠይቄያለሁ፤ እነሱም አያውቁም፤ ወይም አትንገሩት ተብለዋል።

በሩ ላይ ቆማ ሻርፕዋን ስታስር፣ ለአባትሽ ምን ልጻፍለት አልኳት፤ ምን እንዳልሽ ማወቅ ይፈልጋል።

ቋጠሮውን አጥብቃ ጨረሰች።

«ደስ ያለህን ጻፍለት» አለች። «እሱ እንደሆነ ያምንሃል።»

ቫልደማር ሊንግ